በኔ ስም ለምትጠራው

አዲሱዬ፣ የልጄ ልጅ፣ አንተ ተራ የማታውቅ፤

ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ መንገድ ላይ ከቀረህ ይኸው ዓመት አለፈ። ወረፋው የኔ ነበር። እንዲህ መጋፋትን ከየት ተማርከው? የኔታንያ ከተማ አውቶቡስ ላይ ይሆናል።

ቤቱን ልንገርህ። አባትህ ሳፒር ሰፈር ያለው ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ለምኖ ገብቷል፤ ቀን ይተኛል፣ ወይም የተኛ ይመስላል። እናትህ ጠረጴዛህን ትወለውልና ወንበሩን አንተ እንደምትተወው ሳብ አድርጋ ትተወዋለች። እኅትህ አቪቫ ታጨች። እኔ ጥርስ ቀንሼ ምላስ ጨምሬአለሁ።

ለተዝካርህ ፕሮፌሶርህ መጣ፤ ያ ካልሲው ለየቅል የሆነው ሰው። ዳቦውን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን አቅፎ በዕብራይስጥ አወራን፤ አቪቫ ትተረጉምልኛለች። ስለ ማዕበል የጻፍካቸው፣ ማአማር የምትሏቸው ሦስቱ ጽሑፎችህ ከሄድክ ወዲህ በጃፓንም በጣሊያንም ይጠቀሳሉ አለ። በእነሱ ሥራ ሰው የሚከበረው እንዲህ ነው፤ አዲስ ነገር ያገኘ ሁሉ በጽሑፉ መጨረሻ ይህን ያገኘሁት ከእገሌ ነው ብሎ ስም ይጠራል። ብዙ ጽፎ ማንም የማይጠራው ሞልቷል፤ ያንተ ግን ጽሑፉ ጥቂት፣ ጠሪው ብዙ ሆነ። እኔም ስትንጫጫ ውላ እንቁላሏ የማይታይ ዶሮ አውቃለሁ ብዬ አስተረጎምኩት። ሳቀ።

ትዝ ይልሃል፣ ባሕሩ ዳርቻ አስቀምጠኸኝ ያስረዳኸኝ? ቅርጹ ሳይፈርስ ሩቅ የሚሄድ ማዕበል አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙም ተላልፈው እንደነበሩ ይቀጥላሉ፤ ይህን በሒሳብ እፈልጋለሁ አልከኝ። እኔ ደግሞ በኛ አገር ውሃ ሲያይ የሚውል ሰው ሚስት አያገኝም አልኩህ። ቀልዴን ነበር እኮ። አላገኘህም።

ስሙን አሳዩኝ አልኩ። ፕሮፌሶሩ ወረቀት አወጣ፤ አቪቫ ጣቷን አሳረፈችበት፤ ባዬ ይላል አለችኝ። ባዬማ እኔ ነኝ፤ አዲሱስ የታለ? አጠገቡ ያለችውን አንዲት ፊደልና ነጥብ አሳየችኝ።

«እሱ ያቺ ናት፣ አባባ።»

ቀድማችሁኝ በሱዳን በኩል እዚህ አገር ስትገቡ የቤተሰብ ስም ሲጠየቅ አባትህ እንደ ሰው ሁሉ የአባቱን ስም ሰጠ፤ የዚህ አገር ደንብ ነው። እናም እነዚያ ጃፓኖች ባዬ እንዳለው ይላሉ። ባዬ ምን አለ? ማባዛት እንኳ የማያውቅ ሽማግሌ! የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ኋላ ግን ይታረም አልኩ። ፕሮፌሶሩ አንገቱን ደፍቶ አንዴ የታተመ አይመለስም አለ።

በማግሥቱ አቪቫን ይዤ ስም የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት፣ ምስራድ፣ ሄድኩ። ስሜን አንሡለትና ልጁን በራሱ ስም ጥሩልኝ አልኩ። ጸሐፊዋ ደግ ልጅ ናት፤ ስም ለመለወጥ ባለቤቱ ራሱ መምጣት አለበት አለችን። እነግረዋለሁ አልኳት። አቪቫ ክንዴን ይዛ አወጣችኝና ደረጃው ላይ አለቀሰች። ለሷ የሚሆን ቀልድ ፈልጌ አጣሁ።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ለጋብቻዋ ዘመድ ልንቆጥር ተሰበሰብን። ቆጣሪው እኔው ነኝ። አቪቫ፣ አባቷ ታከለ፣ የታከለ አባት ባዬ እያልኩ ሰባት ቤት ወጣሁ። አንተን የምጠራበት ቦታ የለም፤ ቆጠራችን የወለደንን ብቻ ነው የሚያውቀው። እያወቅሁ ከመካከል አዲሱ ብዬ አስገባሁህ። የእጮኛዋ አጎት በትሕትና አረመኝ።

«አባ ባዬ፣ ተሳሳቱ። እሱ ወንድሟ ነው፤ አይቆጠርም።»

ልክ ነው፤ ወጉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ጀመርኩና ያላንተ ቆጠርኩ። ከእጮኛዋ ዘር ጋር የሚገናኝ ስለጠፋ ሴቶቹ እልል አሉ።

አዲሱዬ፣ በኛ ቆጠራ አትገባም፤ በእነሱ ቆጠራ የገባኸው በኔ ስም ነው። ሦስተኛ ቆጠራ አላውቅም። የሚለመን ሰው ቢኖር እለምን ነበር፤ ሁሉም ደግ ነው፣ ሁሉም አይቻልም ይለኛል።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ኩፓት ሆሊም ክሊኒክ ተቀምጬ ነርሷ ባዬ ብላ ስትጣራ አልነሣም። በሩን አያለሁ፤ አንተ እንድትነሣ። ደግማ ስትጣራ በትሬን ይዤ እነሣለሁ። ጆሮው ደክሟል ብላ ለሐኪሙ ነግራብኛለች፤ ሊያስመረምረኝ ነው። ያስመርምር። በሕይወት እስካለሁ ድረስ የመጀመሪያው ጥሪ ያንተ ነው፤ እኔ የምነሣው በሁለተኛው ነው።

አያትህ