ላይፕዚግ የቀረው ምዕራፍ

ውድ ጋሽ አለምሰገድ፣

እንደምን ሰነበቱ? ስልኬን እንደማያነሱ ሲገባኝ ነው ወረቀት ያነሳሁት። የሲያትሉን አድራሻ የሰጡኝ ወንድምዎ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ናቸው። «ስልክ ይዘጋል እንጂ ደብዳቤ ሳያነብ አይጥልም» አሉኝ። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። ከዚህ ጋር ሌላ ሰው ስለ እርስዎ የጻፈልኝ ደብዳቤም አለ።

መኪናዬ የተበላሸችበትን ዓመት ያስታውሳሉ? እርስዎ ከላይ፣ እኔ ከታች፣ እዚህ ኦሮራ፣ ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ ባለችው አሮጌ አፓርትመንት ስንኖር። መንገደኛ የሚያመላልሰውን የኤርፖርት ሻትል ሊነዱ ሲወጡ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር አረጋውያን ወደምንከባከብበት ነርሲንግ ሆም አድርሰውኝ ያልፉ ነበር፤ ስድስት ወር ሙሉ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይሰለቹ። የተማሩበትን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሰማሁት በዚያ መንገድ ላይ ነው። በፈረንጆቹ 1409 የፕራግ መምህራንና ተማሪዎች በንጉሡ ውሳኔ ተቆጥተው ከተማውን ጥለው እንደወጡ፣ የጀርመኗ ላይፕዚግ እንዳስጠጋቻቸው ነገሩኝ።

«ስደተኞች ናቸው ያቋቋሙት፤ የራሳቸው ቤት እንኳ ሳይኖራቸው ማስተማር ጀመሩ» አሉኝ አንድ ቀን የትራፊክ መብራት ይዞን። «አንቺ ግን ሁሉ ነገር ካልተሟላ አልማርም ትያለሽ።»

በዚያው ሳምንት ሎውሪ ሰፈር ያለው ኮሌጅ ተመዘገብኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር።

ስለ ዩኒቨርሲቲው ቤተ ክርስቲያንም ነግረውኛል። የመነኮሳት እንደነበረ፣ የዓለም ጦርነት ቦምብ እንኳ እንደሳተው። «ከዚያስ?» ስልዎት ግን «ከዚያማ ፈረሰ» ብለው ወሬ ይቀይሩ ነበር።

«ዶክተር» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣልዎት አላውቅም። ጀርመን ተምረዋል ሲባል ሰው በራሱ ጨመረበት መሰለኝ። እርስዎ ነኝ ሲሉ አልሰማሁም፤ አይደለሁም ሲሉም አልሰማሁም። የሐበሻው ኮሚኒቲ አንጋፋዎችን ሲያከብር ለሚያሳትመው መጽሔት አዘጋጇ ጤናዬ የዲፕሎማዎን ኮፒ ጠየቀች። «ጠፍቷል» አሉ። እኔ ደግሞ ላስደስትዎት ብዬ፣ ሳልነግርዎት፣ የእህታቸው ልጅ ነኝ ብዬ ለዩኒቨርሲቲው ጻፍኩ። ካፖርት ለብሰው የተነሱትን የድሮ ፎቶዎንም የቀድሞ ተማሪዎች ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት።

መልሱ አጭር ነበር። በፈረንጆቹ 1982 ተመዝግበዋል፣ አምስት ዓመት ታሪክ ተምረዋል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አላስገቡም፣ ዲግሪ አልተሰጣቸውም።

ለብቻዎ ልነግርዎት ይገባ ነበር። እኔ ግን ጤናዬ ቤት፣ አምስት ሰው በተቀመጠበት፣ ስልኬን አውጥቼ አነበብኩት። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ሲዋሹን ነው የኖሩት?» አልኩ። ድምፄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እርስዎ «አልተመረቅኩም፤ እውነት ነው» ብለው ጃኬትዎን አነሱ። ጤናዬ «ኧረ ዶክተር፣ ምሳው ቀርቧል» ብላ እስከ በር ተከተለችዎት።

«አለምሰገድ በይኝ» አሏት።

በሦስተኛው ሳምንት ከኦሮራ ወጡ። ደህና ሁኚ እንኳ አላሉኝም፤ አልፈርድብዎትም። ያናደደኝ ዲግሪው አልነበረም፣ ጋሼ። በዚያ ዕድሜዬ ደብተር የያዝኩት በእርስዎ ቃል ነው። ቃሉ ውሸት ከሆነ እኔም ሞኝ ነኝ ብዬ ፈራሁ። ፍርሃቴን በእርስዎ ላይ ተወጣሁት።

ባለፈው ወር ከላይፕዚግ ደብዳቤ መጣልኝ። የጻፉት ወይዘሮ ኡርዙላ ይባላሉ፤ ያኔ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ። የልጅ ልጃቸው ፎቶዎን ፌስቡክ ላይ አይታ ስታሳያቸው ወዲያው አወቁዎት። በእንግሊዝኛ የጻፈችላቸው እሷ ናት። ከሥራ እረፍት ወጥቼ አንሶላ የምናስቀምጥበት ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩት።

በ1968 የሃያ አራት ዓመት ሴት ሆነው፣ ፖሊስ ካጠረው መስመር ወዲህ ቆመው፣ ኮሚኒስቱ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ያንን ቤተ ክርስቲያን በፈንጂ ሲያፈርሰው እንዳዩ ይጽፋሉ። ለአሥራ ስምንት ዓመት ለማንም ትንፍሽ አላሉም። መጀመሪያ የነገሩት ለእርስዎ ነው። እርስዎም የመመረቂያ ጽሑፍዎ አንድ ምዕራፍ አድርገው ጻፉት። ጽሑፉን ሊያስገቡ አንድ ሳምንት ሲቀርዎት ግን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጥተው እንዲህ አሏቸው፤ «ይህን ምዕራፍ ከጽሑፉ ከቀነስኩት ታሪኩ ውሸት ይሆናል። ካስገባሁት ደግሞ ማን ነገረህ መባሌ አይቀርም፤ እርስዎ ሁለት ልጆች አሉዎት።» ሠላሳ አንዱን ገጽ እጃቸው ላይ አስቀምጠው «ያቃጥሉት» ብለው ወጡ። በማግስቱ ወደ ምዕራብ በርሊን እንደተሻገሩ የሰሙት ከሰው ነው።

ጋሼ፣ አላቃጠሉትም። የልጆቻቸው የክረምት ልብስ ሣጥን ሥር ደብቀው አቆዩት። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ፈልገውዎታል፤ በየትኛው አገር እንዳሉ ግን የሚያውቅ ጠፋ። በ2017 በፈረሰው ቦታ አዲሱ ሕንፃ ሲመረቅ ሄደው ነበር። አጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ ቦርሳቸውን አስቀምጠው ቦታ ያዙልዎት። እንደማይመጡ እያወቁ።

ምስጢርዎን ለማንም አላወጣሁም፤ የእርስዎ ነው። ግን እነዚያን አምስት ሰዎች ቤት ለቤት ዞሬ «ጋሽ አለምሰገድ ዋሹ ያልኩት ተሳስቼ ነው» ብያለሁ። ከአምስቱ አንዱ በድሉ ግን አልለቀቀኝም።

«ታዲያ ተመርቀዋል?» አለኝ።

«አልተመረቁም።»

«እና ምኑ ላይ ነው የተሳሳትሽው?»

«የተዉበትን ምክንያት ብታውቅ ከወንበርህ ተነስተህ ነበር የምትቀበላቸው» አልኩት። ከዚያ «ደህና ናቸው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?

ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ። የሚከብድዎት ከሆነ ጊዜ ይውሰዱ፤ እኔ እጠብቃለሁ። ወይዘሮ ኡርዙላ ግን ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ምዕራፉንም በፖስታ አልልክም፣ በእርስዎ እጅ ካልሆነ አልሰጥም ብለዋል። ስልካቸው ከደብዳቤያቸው ግርጌ አለ። እሑድ እሑድ ጠዋት ስልኩ አጠገብ ናቸው። ከእኔ በፊት ለእሳቸው ይደውሉ።

ለማርች የሁለት ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል፤ ፓስፖርቴም ደርሷል። ላይፕዚግ ብቻዎን አይሄዱም። እሺ ካሉኝ ለሁለት ሰው ትኬት እቆርጣለሁ። ዝም ካሉኝ ደግሞ ሲያትል መጥቼ እስኪከፍቱልኝ አንኳኳለሁ።

የማትለቅዎት ልጅዎ
ስምረት፣ ከኦሮራ