ከገበየሁ ግድግዳ ሥር

ለእህቴ ለሰርኬ፣

ከነቤተሰብሽ ሰላም ከርመሻል? እኛ ሽሮ ሜዳ ተመስገን፣ ደህና ነን።

አባታችን ቤቱን ለሁለት ሲያካፍለን ከሽመና ሌላ ሥራ እንዳናስገባበት ቃል አስገብቶን ነበር። ወንድማችን ገበየሁ ግን ሳይነግረኝ ድርሻውን ለብረት ቆራጮች አከራይቶ፣ እሱ የሽመና ዕቃውን ይዞ ጸጥ ያለ ሰፈር ገባ። እኔ ግድግዳው ሥር ቀረሁ፤ ዓመት አለፈኝ። ድሮ ክር ሲበጠስ ከድምፁ አውቅ ነበር። አሁን ክፍተቱን የማየው ጋቢው ካለቀ በኋላ ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ገበየሁ ከኋላዬ ሦስት ጊዜ ጠርቶኝ ኖሯል። ፊቴ መጥቶ «አኩርፈኸኛል እንዴ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

ስልክ አትደውይልኝ፤ ልጆቼ ደህና ነው ቢሉም ኔትወርኩ ለእኔ አይረባም። በወረቀት ጻፊልኝ።

ልጆችሽን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ተስፋሁን