ከፈተናው በፊት ጠይቂኝ

እህቴ ፈድሊያ፣ አሰላሙ አለይኩም። አዲስ አበባ እንዴት ይዞሻል? እኛ አጋሮ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን።

ከቡናው ድንጋይ ስለቅም በደብተሬ የጻፍሽልኝን አጠናለሁ፤ ቻይልድ ሲበዛ ቺልድረን፣ ቱዝ ሲበዛ ቲዝ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሦስት ሳምንት ቀረው።

እሁድ ሽማግሌዎች ከሰኮሩ ጫት ይዘው መጡ። ዕድሜዬን ሲጠይቁ እማዬ አራት ዓመት ጨምራ ነገረቻቸው። አባባም እሺ ብሎ ጫቱን ተቀበለ። በማግስቱ ዩኒፎርሜን «ጠቧታል» ብለው ለጎረቤት ልጅ ሰጡት፤ ወላሂ አልጠበበኝም።

ከፈተናው በፊት መጥተሽ ጠይቂኝ፤ ሁሉንም በቃሌ እመልስልሻለሁ። በአባባ ስልክ አትደውዪ፣ በጓደኛዬ በሳቢሪን ይሁን። ስትመጪ የልደት ሰርተፍኬቴን አትርሺው፤ አንቺ ጋ ነው ያለው።

እስክትመጪ አላህ አንቺንም እኔንም ይጠብቀን።

ታናሽሽ ዩምና