ለጋሪዋ የተቆረጠ ቢጫ ወረቀት

ቅዳሜ፣ ግንቦት 17 ቀን
ከስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ

ይድረስ ለድንቢጤ፣ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ቀስ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ዛሬ ግን እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ይሮጣል። የእግርሽ እብጠት ተሻለሽ? ስትተኚ ትራስ ከሥሩ አድርጊ ያልኩሽን ታደርጊያለሽ? እኛ ደህና ነን። አንድ የምሥራች አለኝ። አሁኑኑ ብነግርሽ ግን የቀረውን ሳታነቢ ደብዳቤውን አጥፈሽ መሳቢያ ውስጥ ትከቺዋለሽ። ጸባይሽን አውቃለሁ፤ ልጅ ሆነሽም ከምግቡ በፊት ከረሜላውን ነበር የምትጨርሺው። ስለዚህ በተራው ይመጣል፤ ታገሺኝ።

ያለፈው ደብዳቤሽ የደረሰን የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። አባትሽ መነጽሬ ጠፋ ስላለ ጮክ ብዬ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር፤ አልነገርኩትም። ስምንተኛ ወርሽ ውስጥ መግባትሽን፣ ባልሽም ረጅሙን መስመር ትቶ እዚያው ከተማ ውስጥ ብቻ መንዳት መጀመሩን አነበብኩ። ከወለድሽ በኋላ እኛ ጋ መጥተሽ ሁለት ወር መቆየት እንደምትፈልጊም አነበብኩ። ከዚያ ያቺ መስመር መጣች፦ «አባዬ ራሱ ግቢ ካላለኝ ግን የዚያን ቤት ደፍ አልረግጥም።» ልዘላት ነበር። ኋላ ደግሞ ለምን እዘላታለሁ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኳት።

አባትሽ የሸሚዙን ቁልፍ ከፈተ፣ መልሶ ቆለፈ። ከዚያ «ለመሆኑ ጋሪ አላት?» አለኝ።

«የምን ጋሪ?»

«የልጅ ጋሪ ነዋ። ልጁን በምን ልትገፋው ነው?»

መልሱ ይኼ ነው ወይ ብዬ ልጮህበት ምንም አልቀረኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስምሽን ያልጠራ ሰው ግን ስላንቺ አንድ ነገር መጠየቁ ራሱ ብርቅ ሆነብኝና ቁጣዬን ዋጥ አደረግኩት።

የዛሬ ሁለት ዓመት በሩ ላይ የሆነውን እኔም አልረሳሁትም። አባትሽ ባልሽ ከሚነዳው ከባድ መኪና ሥር ገብቶ የፍሬኑን ሸራ አየ፤ አልቆ አገኘውና «የራሱን ፍሬን ያላየ ሰው ልጄን ሊያይልኝ ነው?» ብሎ ጋብቻውን እንቢ አለ። አንቺም ሻንጣሽን ይዘሽ በሩ ላይ ቆምሽ። እኔ «አንድ ነገር በላት እንጂ» ስለው ወደ ግድግዳው ዞሮ «ትውጣ» አለ። ያቺን ቃል ሁላችንም እናውቃታለን። በከተማ አውቶቡስ ጋራዥ ሠላሳ አንድ ዓመት ፍሬን ሲመረምር፣ አውቶቡሷ ደህና ከሆነች በምርመራ ወረቀቱ ላይ «ትውጣ» ከሚለው ቃል ሥር ይፈርም ነበር። ቢጫው ዋና ወረቀት ለሹፌሩ ይሰጥ፣ ግልባጩ እሱ ጋ ይቀር ነበር። አንቺ በተበላሹት ወረቀቶች ጀርባ ላይ ወፍ ብቻ እየሳልሽ አይደል ድንቢጥ የተባልሽው? እና በዚያችው ቃል ከቤት ወጣሽ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያቺን ቃል ጨርቅ ስቆርጥም ክር ሳሰካም ስሰማት ኖርኩ።

ወደ ጋሪው ልመለስ። በማግስቱ ምድር ቤት ያለችው አስተማሪ የልጇን አሮጌ ጋሪ ላውሳችሁ አለችን። እኔ ደስ ብሎኝ ሽፋኑን በምን እንደማጥበው ሳስብ፣ አባትሽ ገልብጦ ጎማዎቿን ወደ ላይ አደረጋት። ኩሽኔታዋን በጣቱ አዞረ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፣ ደግሞ አሸተተው። ምን እንደሚሸት እስካሁን አልገባኝም። ፍሬን ያላት በአንድ ጎማዋ ብቻ ነበር። መልሶ አቆማትና መታጠፊያዋን በመዳፉ መታ ቢያደርገው ጋሪዋ እጥፍ ብላ ቁጭ አለች። «ልጁ ውስጥ እያለስ?» አለኝ። አስተማሪዋ ቅር እንዳይላት ሞላዋን ቀይሮ አጠባበቀና «ለልብስ ማመላለሻ ትሆናለች» ብሎ መለሰላት።

ያለፈው ሳምንት ሐሙስ ገበያ ወጣን። አባትሽ በልጁ ፈንታ ጋሪ መሞከሪያ ብሎ ሰባት ኪሎ ዱቄት አቅፏል። አዲስ የተወለደ ልጅ ሰባት ኪሎ አይሆንም ብለው፣ «የምመረምረው ለዛሬ ብቻ መሰለሽ?» አለኝ። መንገዱን በሙሉ ከሱ ጋር የምሄድ እንዳልመስል ሁለት እርምጃ ቀድሜው ሄድኩ።

የልጅ ዕቃ ሱቅ ውስጥ አንዲት ነጭ ጋሪ አየሁ። ምን ልበልሽ፣ ልጄ፣ እግሬ መሬት አልነካ አለ። ትልልቅ ጎማ፣ የሚያበራ ብረት፣ ጥላዋ ጠርዝ ላይ ዳንቴል። ለአንሶላዋ ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚያስፈልገኝ በዓይኔ ለክቼ ጨርሻለሁ። አባትሽ ደግሞ ሻጯን «ቁልቁለት የት ነው ያላችሁ?» ይላታል። ሻጯ ጥፍሯን በአምስት ዓይነት ቀለም የቀባች ወጣት ናት፤ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። ሱቁ በር ላይ ለዕቃ መግፊያ የተሠራ ተዳፋት አለ። እዚያ አወጣት፣ ዱቄቱን አስተኛባት፣ ፍሬኗን ረገጠና እጁን አጣምሮ ቆመ። ነጯ ቀስ ብላ ሁለት ጣት ያህል ተንሸራተተች።

«አባት፣ ይቺ እኮ የልጅ ጋሪ እንጂ የጭነት መኪና አይደለችም» አለችው ሻጯ።

«ልክ ነሽ፣ ልጄ። የጭነት መኪና ብትሆንማ የምትጭነው ዱቄት ነበር።»

ሻጯ አፏን ያዘች። ከዚያ በኋላ ጸባይዋ ተለወጠ፤ ራሷ እየመረጠች ታመጣለት ጀመር። እኔ ነጯን ዓይኔ እያየ ተነጠቅኩ፤ ቢሆንም እንደ ጃንጥላ የምትታጠፍ ቀላል ጋሪ አየሁና ለደረጃችን ትመቻለች አልኩ። «እማማ፣ ይቺ መቀመጥ ለቻለ ልጅ ናት» አለችኝ። «አራስ ልጅ አንገቱ ስላልጸና ዝርግ ብሎ መተኛት አለበት።» አንቺን የሚያህል ልጅ አሳድጌ፣ ይህን ከባለ አምስት ቀለም ጥፍር መስማቴ ትንሽ አሳፈረኝ። እውነቷን ነው ግን።

በመጨረሻ ግራጫዋ መጣች። መልኳን አልዋሽሽም፣ የጋራዥ ግድግዳ ነው የምትመስለው። ጀርባዋ ግን ዝርግ ይላል፤ ልጁ መቀመጥ ሲጀምር ደግሞ ቀና ይደረጋል። ቀበቶዋ ከሁለቱ ትከሻ፣ ከግራና ከቀኝ ወገብ፣ ከእግሮቹም መሐል መጥቶ ሆዱ ላይ ይገናኛል። በአንድ እጅ ትታጠፋለች፤ ስትዘረጋ ደግሞ መቆለፊያዋ ቀጭ ካላለ እንዳትገፊያት። አንዷን ፔዳል ስትረግጪ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ይያዛሉ። የቤታችንን በር ጠዋት ለክቼ ነበርና ሜትሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ወርዷን ለካሁ፤ አራት ጣት ይተርፋል። ተዳፋቱ ላይ ቆመች። አባትሽ በጉልበቱ ገፋት፣ ቆመች። ወደ ጎን ወዘወዛት፣ ቆመች። ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ሻጯ እየሳቀች «እሺ አባት፣ እንግዲህ ትውጣ?» አለችው።

ከሱቁ ትውጣ ማለቷ ነው፤ ምን ታውቃለች። አባትሽ ግን እጁ መያዣው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። አንዴ እኔን አየኝ፣ አንዴ ዱቄቱን። «ትውጣ» ብዬ የመለስኩላት እኔ ነኝ።

ዱቄቱን እየገፋ ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመ። «እኔ እኮ ትውጣ የምለው...» አለና ተወው።

«ጀምረሃል፣ ጨርሰው» አልኩት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ትውጣ ብዬ የፈረምኩት ፍሬኗን አይቼ ላመንኳት ብቻ ነው። ያላመንኳትንማ አስቀራታለሁ።»

«ልጅህ አውቶቡስ አይደለችማ፣ ሰውዬ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ያን ጊዜ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።»

ድንቢጤ፣ ይህ እውነቱ ይሁን ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ያበጀው ማሳበቢያ፣ አንድዬ ይወቀው። ያን ቀን ተቆጥቶ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጨፍኚ ላሞኝሽ አልልሽም። ግን ዋሽቶ አያውቅም። ለውሸት የሚበቃ ብዙ ቃልም የለውም።

ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ዱቄቱ በቀን ሁለት ጊዜ ሽርሽር ይወጣል። እንዳይፈስ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬዋለሁ። የማዕዘኑ ባለሱቅ ጎንበስ ብሎ «እስቲ አያትየው፣ ማንን ይመስላል?» ብሎ ቢገልጠው፣ አባትሽ «ገና አልለየለትም» ብሎት አለፈ። ከሽርሽሩም ትምህርት ተገኝቷል። መያዣዋ ላይ ቦርሳ እንዳትሰቅዪ፤ ልጁን ስታነሺው ወደ ኋላ ትገለበጣለች፣ ዱቄቱ ላይ ደርሷል። ለፀሐይ ብለሽም ብርድ ልብስ እንዳትደርቢባት፤ ውስጧ ይታፈናል፣ ጥላዋ ይበቃል። ደረጃውን ስንወጣ ከታች በኩል የሚይዛት እሱ ነው፤ ይህን ሳልጠይቀው ራሱ ነው የተናገረው። ዱቄቱን ይዞ ከእኔ ጋር ሦስት ጊዜ ተለማምዷል፤ በሦስተኛው ወገቤን ይዤ ተቀመጥኩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ «ግቢ» የምትለው ቃል ግን ከአፉ አልወጣችም። ሰኞ ደውልላት ብዬ ስልኩን ባቀብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ማክሰኞ «ሁለት ፊደል ናት እኮ» ብዬ ለመንኩት። «በስልክ አይሆንልኝም» አለ። ረቡዕ አንጀቴ አረረና ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ተሳደብኩ። ይቀየመኛል ስል «ወረቀት» ብሎ ደገመልኝና ተነስቶ መሳቢያውን ይጎረጉር ጀመር። ጡረታ ሲወጣ የተረፈውን የምርመራ ጥራዝ ቤት ይዞት መጥቶ ነበር፤ እኔ ሽንኩርትና ሳሙና የምጽፍበትን። ገበያ ሊሄድ ነው ብዬ ተውኩት።

የምሥራቹ ይኸው መጣ። ዛሬ ጠዋት ለጋሪዋ የምሰፋውን ፍራሽ ልለካ ተጠጋሁ። ስስና ጠንከር ያለ ነው የማደርገው፤ ለስላሳና ወፍራሙ ለአራስ ልጅ ትንፋሽ ጥሩ አይደለም ብላናለች ያቺው ባለ ጥፍር። መያዣዋ ላይ በክር የታሰረ ቢጫ ወረቀት አገኘሁ። ክሩ የእኔ ነው፣ ሳያስፈቅደኝ የወሰደው። እንዳለ ልገልብጥልሽ፦

የተሽከርካሪ ዓይነት፦ የልጅ ጋሪ፣ ግራጫ።
ፍሬን፦ ይይዛል። ሁለቱም።
ጎማ፦ ደህና።
የተሳፋሪ ብዛት፦ አንድ።
ሹፌር፦ ድንቢጥ።
ረዳት፦ ባሏ።

ያን የሚያህል ከባድ መኪና የነዳ ሰው ረዳት መባሉ ይከፋው ይሆናል። ንገሪው፤ አባትሽ ዘንድ ይህ ሹመት ነው። እስከ ትናንት «ያ ሰውዬ» ነበር ስሙ።

ከታች፣ ፊርማው ያለበት ቦታ ላይ፣ «ትውጣ» የሚለው ቃል የታተመ ነው፤ መፈረም እንጂ መጻፍ አያስፈልግም። አባትሽ ቃሉን በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ሰርዞታል። ከላዩ በራሱ ጽሕፈት «ትግባ» ብሎ ጽፎ ፈርሞበታል። ቀንና ሰዓትም አለው።

አባዬ ራሱ ይበለኝ ብለሻል። እሱ ከዚህ በላይ እንዴት እንደሚል እኔ አላውቅም፤ አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን ያህል ሲናገር የሰማሁት ዛሬ ነው። የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው። እሱ በበሩ ብቅ ብሎ «ፍራሹ አልደረሰም እንዴ?» አለኝ። አልደረሰም አልኩት።

በሰላም ተገላገዪ፣ ልጄ። መንገድሽ ቁልቁለት ቢሆን ፍሬንሽ ይያዝልሽ፣ ዳገት ቢሆን ጉልበት አይጉደልሽ። የሚወለደው ልጅ ያንቺን ዓይንና የባልሽን ትዕግሥት ይውሰድ፤ ከአያቱ እጁን ይውሰድ፣ እልሁን ለባለቤቱ ይተውለት። የምትመጪበትን ቀን ቶሎ ጻፊልኝ፤ ዱቄቱ ሳይነቅዝ።

ዓይኗ መንገድ ላይ የቀረው
እናትሽ

ይህን ሳልነግርሽ፦ ወረቀቱን እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ እንዳትጥዪው፤ ዋናው የሹፌሩ ነው። ግልባጩን ለማየት ጥራዙን ባገላብጥ አጣሁት። አሁን ሸሚዙን ልተኩስለት ስል ከደረት ኪሱ ወጣ፣ አራት ቦታ ታጥፎ። ሸሚዙን ተኩሼ መልሼ እዚያው አስቀመጥኩለት።