ከጋሼ ቴዎፍሎስ መታጠቢያ ስለፈለቀው ጸበል

ይድረስ ለተከበሩት የእድራችን ሰብሳቢና የቤት አከራዬ ለጋሼ ቴዎፍሎስ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ፣ ወገብዎን ተሻለዎ ወይ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከራሴ በላይ ካለው ኮርኒስ በስተቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤ አላውቅበትም፣ ትምህርቱንም ሰላ ድንጋይ ሳለሁ ከአምስተኛ ክፍል ነው የተውኩት፣ ግን ለስቲሙ፣ ለዚያ ለእንፋሎት መታጠቢያዎ፣ ሌላ መስታወት ሊገዙ አዲስ አበባ ሄዱ ሲሉኝ ይችን ጽፌ የእድር ማስታወቂያ የሚለጠፍበት የግቢው በር ላይ ለጠፍኳት። ልጅዎ ሮዳስ በስልኳ አንስታ ትላክልዎት፣ አላፊ አግዳሚውም ያንብባት፣ ምክንያቱም ፊት ለፊት ልንገርዎ ብዬ ስንቴ ደረጃውን ወጥቼ በሩን ሳላንኳኳ ወርጃለሁ።

አንደኛ፣ ምስጋናዬን ልንገርዎ። በደብረ ብርሃን ብርድ ሰው ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ሲንዘፈዘፍ እኔን እርስዎ በነጻ ያሞቁኛል። ከላይ ማሽኑ ጉርር ማለት ሲጀምር ትንሽ ቆይቶ ግድግዳዬን ያልበዋል፣ ከዚያ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ሙቅ ነው፣ የሚታጠኑበት ባሕር ዛፍም ይሸታል። ለቆሎ ያስቀመጥኩት ገብስ ጆንያው ውስጥ እንዳለ በቀለ። ሌላው ብቅል ለማብቀል ስንት ሲደክም እኔ ቆሎ ሻጯ ተኝቼ አበቀልኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ቆሎ ስጪን የሚሉኝን ደንበኞች ጠላ ጥመቁበት እላቸዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ኮርኒሱ። ከአልጋዬ በላይ ያለው ልትወልድ እንደደረሰች ላም ሆድ ወደ ታች ወርዷል። ሳሌም ልጄ ገና ጡት አልጣለችም፣ እሷ ኮርኒሱን እያየች ትስቃለች፣ እኔ እያየሁት አለቅሳለሁ። ውሃው የአምፖሉን ገመድ ይዞ መውረድ ሲጀምር መብራት ማብራት ትቼ በሻማ ነው ያለሁት፣ አልጋውንም ወደ በሩ ጎትቼ ጎትቼ እግሬ ደጅ ሊያድር ምንም አልቀረው። ይሄን እንኳ ቀልድ አላደርገውም ጋሼ፣ ልጄ ላይ ይወድቃል ብዬ እፈራለሁ።

ሦስተኛው ዝምታዎ ነው፣ እሱ ከውሃውም በላይ አርሶኛል። እናትዎ እማማ ኪዳነምሕረት ሳሌምን ሊያዩ ገብተው፣ ግድግዳው ላይ ከሰቀልኳት የእመቤታችን ሥዕል ሥር ሙቅ ውሃ ሲወርድ አዩ፣ አሸተቱት፣ እልል አሉ። እኔ እማማ ኧረ ይሄ ከጋሼ መታጠቢያ ነው ብላቸው፣ አንቺ የዘንድሮ ልጅ ዓይንሽ እያየ የማታምኚ ብለው ተቆጡኝ። በማግስቱ መንደሩ ጀሪካኑን ይዞ ደጄ ተሰለፈ፣ ከጫጫ በሚኒባስ የመጡም አሉ። ውሃው ቅዳሜ ቅዳሜ ይበዛል፣ ሰንበት መግቢያን ያውቃል ተባለ፤ ቅዳሜ እርስዎ ከገበያ ሲመለሱ እንፋሎቱ ውስጥ እንደሚቆዩ የማውቅ እኔ ነኝ። እርስዎም ወረዱ፣ ሰልፉን አዩ፣ ባርኔጣዎን አወለቁ፣ አማተቡ፣ ተመልሰው ወጡ፣ ማሽኑም ጉርር አለ።

ከዚያ ወዲያ ግድግዳውን ማን ይንካው! ላስደፍነው ብል ጸበል አይደፈንም ብለው ሊደበድቡኝ ደረሱ። መምሬ ወልደተንሣኤ ብቻ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ከየት እንደሚመጣ ሳይጠየቅ አልባርክም አሉ። ከየት እንደሚመጣ የምናውቅ ደግሞ እኔና እርስዎ ነን፤ እኔ ብናገር አልታመንም፣ እርስዎ ይታመናሉ ግን አይናገሩም።

አሁን ወደ መስታወቱ፣ ስንተኛ እንደደረስኩ ጠፍቶኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝና ያኔም የቀደመው መስታወቱ ነበር። በኢሱዙ መጣ፣ የመንደሩ ወንድ ሁሉ እንደ ሙሽራ አጀበው፣ ደረጃው አላሳልፍ ቢለው ግድግዳ ፈርሶለት ገባ፣ ከዚያ ወለሉ በሱ ልክ ተሠራ። ኮርቻ ገዝቶ ለኮርቻው የምትሆን በቅሎ መፈለግ ማለት ነው። ያም ሆኖ ከላይ አጠረ፣ እንፋሎቱ በክፍተቱ እየወጣ ኮሪደሩን አጠበው፣ አሁን ረዘም ያለ ሊገዙ ሄዱ። የኔን ቤት የሚያጥበው ግን የላዩ ክፍተት አይደለም፣ ታቹ ነው። ከሴራሚኩ ሥር ውሃ መከላከያ ይቀባ ሲባሉ፣ ይሄን የመሰለ ሴራሚክ እያለ ምን ያደርጋል ብለው ሲያስቀሩት ደረጃው ሥር ገብስ እየለቀምኩ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ እባክዎ መስታወቱን አሁን አይግዙ። መጀመሪያ ማሽኑ ይጥፋ። ሴራሚኩ ይነሳ፣ ወለሉ ወደ ማፍሰሻው ያዘንብል፣ ውሃ መከላከያውም ወለሉን፣ ግድግዳውን እስከ ላይ፣ ጣራውንም ሳይቀር ይቀባ፣ እንፋሎት እንደ ውሃ ታች ታቹን ብቻ አይሄድም፣ ሮዳስ በስልኳ አሳይታኛለች። ከዚያ ይፈተን፤ እኛ አገር ሴት እንስራ ስትገዛ ውሃ ሞልታ ታሳድረዋለች፣ ጠዋት ታቹን በእጇ ትዳብሳለች፣ ደረቅ ከሆነ ነው ሥራ የሚጀምረው። እርስዎም የማፍሰሻውን አፍ ደፍነው ውሃ ሞልተው ያሳድሩት፣ ታቹን ዳብሼ የምነግርዎ እኔ ነኝ፣ ታቹ የኔ ቤት ነው። እሱ ደረቅ ሲሆን ሴራሚክ፣ ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ ልክ ተወስዶ መስታወት፣ እስከ ጣራው ድረስ፣ በሩም ዙሪያውን ጎማ ያለው፣ ወፍራም፣ ቢሰበር እንደ በረዶ የሚረግፍ እንጂ እንደ ቢላ የማይቆርጥ።

ከሁሉ በፊት ግን ወርደው፣ ባርኔጣዎን እንዳደረጉ፣ ይሄ የኔ መታጠቢያ ነው ብለው በአፍዎ ይንገሯቸው። ስለጻፍሽ ከቤቴ ውጪ ካሉኝም ሳሌምን አዝዬ እወጣለሁ፣ ምን አቅም አለኝ። ብቻ እድርተኛው ጸበል የፈለቀበት ቤት ለተከራይ አይሆንም፣ ፎቁ በሙሉ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ እያለ እየተማከረ ነው፣ ወረቀቱ ላይ የሚፈርመውም ሰብሳቢው ነው አሉ፣ እንኳን ደስ አለዎት።

ለእርስዎ ጤና፣ ለወገብዎ ብርታት፣ ለማሽንዎ ረጅም እንቅልፍ የምመኝ፣

ከእግርዎ ሥር የምኖር ታዛዥ ተከራይዎ፣
ቆሎ ሻጯ እናናየሁ፣ ከነልጇ ከነብቅሏ

ማስታወሻ፦ እማማ ኪዳነምሕረት ለወገቡ ይሆነዋል ብለው ከግድግዳዬ በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድተው ሲሰጡዎት፣ እርስዎም እያማተቡ ተቀብለው ሻንጣዎ ውስጥ ሲከቱ አይቻለሁ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ጠጣ ብለዋል፣ የእናቴ አንጀት እንዳይቆረጥ ብለው ይጠጡት ይሆናል ብዬ ሰጋሁ። ገና ከሆነ እባክዎ ይድፉት። ጠጥተውት ከሆነም አይደንግጡ ጋሼ፣ ባዕድ ነገር የለበትም፣ ቅዳሜ ከጀርባዎ ላይ የወረደው ነው።