አያልነህን ለፈተና እንዴት እንዳዘጋጀነው

ይድረስ ለእታለሜ ይርገዱ፣ አሰብ።

«የአዛናው ልጅ ፈተናውን አያየውም» ሲባል ይፋግ ገበያ ላይ በጆሮዬ ሰማሁ። የልጁ የሒሳብ ድክመት ይፋግ ድረስ መሰማቱ አሳፈረኝና በማግስቱ የጥናት ሰዓት ጨመርኩለት። ተናጋሪው የደመኛችን የደሳለው ወንድም መሆኑን ሰው ሲነግረኝ ነው ወሬው ስለ ሒሳብ እንዳልነበረ የገባኝ።

ሰላምታ ማስቀደም ሲገባኝ ወሬ ቀደመኝ። እንደምን ከርመሻል እታለም? የአሰብ ሐሩር እንዴት ይዞሻል? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽ ንብረት፣ ልጅሽ ጸሐይነሽ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። የሚቀጥለውን ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ወንድማችን አዛናው፣ የርብ ውኃ ሸሽቶ በተወው መሬት ላይ ሽምብራ ሲዘራ ደሳለው ተኩሶ ከጣለው፣ ነገሩም ምስክር ጠፍቶ ከቀረ ወዲህ፣ መንደሩ አያልነህን ባየ ቁጥር ቁመቱን ይለካ ነበር፤ የአባቱን ጠመንጃ ለመሸከም ምን ያህል ቀረው እያለ። ደሳለውም ይለካው ነበር። እኔ ደግሞ የፈተና ነጥቡን እለካ ነበር። አዲስ አበባ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት ከየአውራጃው ጥቂት ጎበዞችን በልዩ ፈተና ይወስዳል፤ ልጁ እዚያ ከገባ የደሳለው ጥይት አይደርስበትም፣ እሱም ገዳይ አይሆንም ብዬ ነው።

ስለዚህ ጣራ ገዳም፣ የኔታ ገብረማርያም ዘንድ አስጠጋሁት። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ደመኛም አይተኩስም። የኔታ ሒሳብ አያውቁም፤ ቢሆንም ከመጽሐፉ እያስነበቡ ልክ እንደ ዳዊት በቃሉ አስያዙት። አንድ ማለዳ ሁለቱ ውኃ ሊቀዱ ከቅጥሩ ወጣ እንዳሉ ደሳለው ከቋጥኝ ጀርባ ተኮሰ፤ ልጁን ስቶ የየኔታን ክንድ ሰበረው። ደማቸው ነጠላቸውን አልፎ ሲወርድ አያልነህ እየሄደ ያነበንበው የነበረውን ሒሳብ አቋረጠ። እሳቸው መሬት ላይ ተጋድመው «ማን አቁም አለህ? ቀጥል!» አሉት። ተሸክመናቸው ስንወርድ እስከ ታች ድረስ የሦስት ማዕዘንን ስፋት አወጣጥ እያነበነበ ተከተለን።

በዚያው ሰሞን በሾፌሩ እጅ የላክሽው በጨርቅ የተቋጠረ ጥይት ደረሰ። የተቀበለው አያልነህ ነው። አምስት ልኬያለሁ ብለሽ እኔ ያገኘሁት አራት ነበርና ሾፌሩን በገበያ መካከል ሌባ ብዬ አዋረድኩት። አራቱን በላምባ ለወጥኳቸው፤ ልጁ ሲያጠና የሚያበራው ኩራዝ በእነሱ ነደደ። ከጥይት እንዲህ ያለ ጥሩ ብርሃን ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

በፈተናው ዋዜማ የሚተኛበትን ቁርበት ራሱ ጠቅልሎ አሰረው። አህያ ላይ ጭኜ ወረታ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሳነሳው ከበደኝ፤ መጽሐፍ ጠቅልሎበታል ብዬ ደስ አለኝ።

ጠዋት ሒሳብ ተፈተነ። በምሳ ሰዓት ደሳለው ከግቢው ማዶ ሾላው ሥር ጋቢ ተከናንቦ፣ ጠመንጃውን ጋቢው ውስጥ ደብቆ ይጠብቀው ነበር። አያልነህ በኋላው መጣ፤ ከጎተራው ሥር የቀበርኩትን የአባቱን ምንሽር ይዞ። አንዴ ነው የተኮሰው፤ አንገቱን። ደሳለው አፈር እየቧጠጠ እዚያው ቀረ። ልጁ ምንሽሩን አጠገቡ ጥሎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ለከሰዓቱ ፈተና ተሰለፈ። የቀበሌ ሚሊሻዎች ሲደርሱ ፈታኙ ሰዓቱ ሳያልቅ ማንም አይገባም ብሎ በር ላይ አገዳቸው፤ ደንብ የሚያከብር ሰው ነው። እነሱም ተደርድረው ጠበቁ። ልጁ ወረቀቱን ደግሞ አይቶ አስረከበ።

የፊጥኝ አስረው ሲወስዱት ሮጬ ደረስኩበት። «አጎቴ፣ የሒሳቡ የመጨረሻ ጥያቄ ትንሽ አስቸግሮኛል» አለኝ። ጥቂት እንደ ተራመደም ዞር ብሎ፣ «ለአክስቴ፣ የላክሽው ደርሷል ብለህ ጻፍላት» አለ። ይኸው ጻፍኩልሽ። ሾፌሩንም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

አሁን ደብረ ታቦር ታስሯል፤ እናቱ እናኑ ስንቅ ታመላልሳለች። መንደሩ የደሳለውን ልጅ ቁመት መለካት ጀምሯል።

ንብረትን ሰላም በይልኝ። የጸሐይነሽን ጉንጭ ሳሚልኝ፣ በትምህርቷ ትበርታ። ባለቤቴ አማከለች ሰላም ትልሻለች። የኔታ በተረፈው እጃቸው ባርከውሻል። ወደፊት በሾፌር የምትልኪው ቢኖር ጨው ይሁን።

የፈተናው ውጤት ትናንት ተለጠፈ፤ አያልነህ ከአውራጃው አንደኛ ወጥቷል።

ወንድምሽ መንግሥቴ
ወረታ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1975 ዓ.ም.