ከተመስገን በኋላ

ሰኞ

አልገጠመም። እኔ ፊት ለፊት ጠይቄ «በጣም ተሽሏቸዋል» ብዬ የሞላሁላቸው ሰው፣ ቤታቸው ሆነው በስልካቸው ኢንተርኔት ስለ ራሳቸው የሞሉት መጠይቅ «ብሶብኛል» ይላል። ጋሼ ስዩም ናቸው፤ ምን አለሽ ተራ የቆርቆሮ ምድጃ ይሠራሉ፣ እኛ ክሊኒክ የድብርት መድኃኒት ይወስዳሉ። ዶክተሩ የእኔንና የታካሚዎቹን መልስ ጎን ለጎን ማየት ከጀመረ ገና ወሩ ነው። ዓርብ መድኃኒታቸውን ሊቀንስላቸው ነው፣ ያውም በእኔ ቃል።

ተሳስተው ነክተውት ይሆናል አልኩት። ጣታቸው የመዶሻ ጣት ነው፤ ያቺ ሚጢጢ ስልክ የት ትችለዋለች። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ሲስተር» አለኝ። እንዲህ ሲለኝ አልወድም።

ማክሰኞ

እስከ ቀትር ኔትዎርክ የለም። ከሰዓት ሲመጣ ጥያቄ በጥያቄ አየሁት። እንቅልፍ፦ እኔ «ደህና»፣ እሳቸው «የለም»። ምግብም እንዲሁ። «መኖር ያስጠላዎታል?» የሚለው ላይ እኔ «በፍጹም» ብያለሁ። እሳቸው «በየቀኑ ለማለት ይቻላል» ነው ያሉት። ጣት አንዴ ይሳሳታል፤ ሁሉም ላይ ግን እንዴት ይሆናል?

ደወልኩላቸው። «ተመስገን ነው ሲስተር፣ ምን እላለሁ» አሉኝ።

ረቡዕ

ከሥራ ስወጣ ሱቃቸው ሄድኩ። ክሊኒክ ሲመጡ ጺማቸውን ተላጭተው፣ ኮት ደርበው ነበር የማውቃቸው። ዛሬ ፊታቸው ጥላሸት ነው፣ ከስተዋል። በርጩማ አቀረቡልኝ።

«እንዴት ኖት?» «ተመስገን።» «እንቅልፍስ?» «ተመስገን።» ለካ እኔ ስሞላ የኖርኩት ይህንን ነው።

«ከተመስገን በኋላስ፣ ጋሼ?» አልኳቸው፣ ሳላስበው።

ቆርቆሮውን ገልብጠው መቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ከዚያ እኔን ሳያዩ ተናገሩ። ሰው ፊት ማማረር ፈጣሪን ማማት ይመስላቸዋል። «ስልኩን ግን አላፍረውም፤ እሱ ሰላምታ አያውቅም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚጠይቀው።» ለምን ነጋ እያሉ ነው የሚነሱት። ራስዎን ሊጎዱ አስበዋል ወይ አልኳቸው። «ሐሳቡ ይመጣል። እጄ ሥራ ሲይዝ ይሄዳል።» ፈራሁ። ግን አልተነሣሁም። ለባለቤታቸው ለእትዬ አስቴር አብረን እንንገራቸው ስላቸው እሺ አሉ። እዚያው ሆኜ ለዶክተሩ ደወልኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ከእትዬ አስቴር ጋር መጡ። ዶክተሩ ብዙ አነጋገራቸው። መድኃኒቱ መቀነሱ ቀርቶ ተጨመረ። እትዬ አስቴር ሱቅም ቤትም ከአጠገባቸው አይለዩም፤ ነገም እንድናያቸው ተቀጠሩ።

«ታዲያ ከእንግዲህ ስልኩን ብቻ እንመን?» አለኝ ዶክተሩ። እሱም አያዋጣም። ዱባይ ተራ ጫማ የሚሸጠው ታካሚያችን ደንበኛ እያስተናገደ፣ ጥያቄውን እንኳ ሳያነብ ሁሉንም «የለም» ብሎ እንደሚልከው ነገርኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ዓርብ

ጋሼ ስዩም ኮት ሳይደርቡ፣ ጺማቸውንም ሳይላጩ መጡ። ወንበሬን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ነው የምናየው። «እንዴት አደሩ?» «ተመስገን።» ጠበቅሁ። «የቀረውንም ልንገርሽ» አሉ።

የነገሩኝን ሞላሁ። ከሰዓት የስልካቸው መልስ ገባ። አንድ በአንድ አስተያየሁት፤ ገጠመ። ሁለቱም መጥፎ ነው። ልቤ ግን ገና ዛሬ አረፈ።